ሁለተኛው የውጭ ተጫዋች

ሰኞ፣ ጁን 29፣ 1987

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ የጋለ ድስት በባዶ እጄ ይዤ ጣቴ ተቃጠለ። ሳላስበው በጣሊያንኛ ተሳደብኩ። ሮም ቤቷን እጠርግላት የነበረችው ሲኞራ ብትሰማኝ በመጥረጊያ ታሳድደኝ ነበር። ከጥጉ ጠረጴዛ አንድ ሰው ከት ብሎ ሳቀና በዚያው በጣሊያንኛ፣ “ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሪው!” አለኝ። ዞር ስል አንድ ጥቁር አሜሪካዊ፤ እሱ ተቀምጦ፣ እኔ ቆሜ፣ እኩል ነን።

ስሙ ሬይመንድ ነው። ሬይ በይኝ አለ። ያደገው እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ክሬንሾው ሰፈር ነው፤ አሁን ዌስት አዳምስ ሰፈር ከአያቱ ጋር ይኖራል። ሥራው ቅርጫት ኳስ። በቴሌቪዥን የምናያቸው ዓይነት ግን አይደለም። አገር ለአገር እየዞረ የሚጫወት ነው፦ ቤልጂየም፣ ፈረንሳይ፣ ፊሊፒንስ፣ በመጨረሻ ጣሊያን። እኔ የአሜሪካ ወረቀቴን እየጠበቅኩ ሮም አራት ዓመት ጠርጌ በወጣሁ በዓመቱ እሱ ገባ። የሱ ጣሊያንኛ የተጫዋቾች መልበሻ ክፍል ነው፤ ግማሹ ስድብ። የኔ የአሮጊት ነው። ሁለታችን ስናወራ ለሰሚው ሰካራምና አያቱ የተጣሉ ይመስላል።

“ሥርጉት፣ ጠረጴዛ አራት ሂሳብ እየጠበቁ ነው” አሉኝ እትዬ ዓለምፀሐይ፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት። ሄጄ አየሁ። ጠረጴዛ አራት ላይ ማንም የለም።

ዓርብ፣ ጁላይ 3

መጣ። ጥብስ በላ። ድጋሚ አዘዘ። ጉልበቱ ላይ በረዶ አስሮ ነበር፤ በረዶው ቀልጦ ወለሉን አራሰው፣ እኔ ወለወልኩ። ቤቱ ሙሉ ነው፣ መሮጥ አለብኝ።

ሰኞ፣ ጁላይ 6

ዛሬ ሥራውን አስረዳኝ። አንድ የጣሊያን ክለብ የሚፈቀድለት ሁለት የውጭ ተጫዋች ብቻ ነው። አንደኛው ነጥብ አስቆጣሪው ነው፤ ከተማው ሁሉ ይወደዋል፣ ልጆች በስሙ ይጠራሉ። ሁለተኛው ከቅርጫቱ ሥር ሲጋፋ የሚውለው ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ ስሙን የሚያነሳው የለም፤ ሲሸነፍ ሻንጣ የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ሬይ በሄደበት ሁሉ ሁለተኛው ነበር። ቤልጂየም ውስጥ አዳራሹ ከመቀዝቀዙ የተነሳ ኳሷ አልነጥርም ትላለች። ፊሊፒንስ ቡድኑ ተከታትሎ ሲሸነፍ ልምምድ ላይ እያለ ትኬቱን አመጡለት። ጣሊያን የሰጡት አልጋ ስላጠረው እግሩን ወንበር ላይ ዘርግቶ ነበር የሚተኛው። ይህን ሁሉ የሚያወራው እየሳቀ ነው። እኔም ሳቅኩ፤ ግን የሰው ቤት መሥራትን ስለማውቅ ሳቄ ግማሽ ነበር።

ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። “በኳስ ዓለም ጋቢ ደርቦ የሚቀመጥ ሽማግሌ ነኝ” ማለቱ ነው፤ ጋቢውን እኔ ነኝ የጨመርኩት። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ያቺ የጣሊያን ከተማ አንድ ዓመት ብቻ መልሳ ትውሰደው። ባለፈው ማርች ከአሰልጣኙ ጋር ተጣልቶ ወቅቱ ሳያልቅ ጥሎ ሄዷል፤ ከዚያ ወዲህ “ጥሎ ሂያጅ” የሚል ስም ወጥቶለት በየአገሩ ያለ ክለብ ስልኩን አይመልስም። እነሱ ይቅር ካሉት ግን ሌሎቹም ያምኑታል።

“ቢሮ የሚሆን ጣሊያንኛ የለኝም። አንቺ ደውይልኝ” አለ።

እትዬ የምግብ ቤቱን ስልክ ፈቀዱ። “ስልኩን ነው የፈቀድኩት፤ አስተናጋጇን አይደለም” ብለው።

ደወልኩ። ስሙን ስጠራ ዘጉት።

እሑድ፣ ጁላይ 12

ምን ዓይነት ምላስ ነው የሰጠኝ!

ለምን ጥሎ እንደሄደ ዛሬ ነገረኝ። አንድ ዓርብ ቀን ከዚህ ወደ ክለቡ ስልክ ተደወለ፤ እናቱ በጠና ታመዋል፣ ይድረስ። እሑድ ትልቅ ጨዋታ ነበር። ዝም አሉ። እሑድ ማታ ጨዋታው ሲያልቅ፣ ላቡ ሳይደርቅ፣ አሰልጣኙ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ነገረው። አውሮፕላኑ ሎስ አንጀለስ ሲያርፍ እናቱ አልፈዋል። በዓርቡ ቢነሳ ይደርስ ነበር።

እኔ ምን አልኩ? “ሰውየው ክፉ አይደለም፤ እኛም እንደዚያ ነን” አልኩ! መርዶ እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር ደግሞ ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። ድንገት ዘው ተብሎ እንደማይነገር፣ ሰውየው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ተኝቶ ካደረ በኋላ በማለዳ ሽማግሌዎች ተሰብስበው እንደሚነግሩት፤ ውጭ አገር ላለ ሰው ፈተናው እስኪያልፍ፣ ሥራው እስኪደላደል፣ ወራት እንደሚደበቅ። “ከፍቅር ነው” አልኩት።

ሬይ ሹካውን አስቀመጠ። “አልሞተችም ነበር’ኮ” አለ፣ ቀስ ብሎ። “ሕያው ነበረች።”

ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ። ሹካውን ራሴ አጠብኩት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ጁላይ 15

አልመጣም። እኔ ምን አገባኝ። ደንበኛ ነው።

ዓርብ፣ ጁላይ 17

ዛሬም አልመጣም። ሁለት ሰው ላይ ቡና ደፋሁ፤ አንደኛው ፓስተር ናቸው፣ ይቅርታ አደረጉልኝ። እኔ ምን አገባኝ።

እሑድ፣ ጁላይ 19

መጣ! አያቱንም ይዞ! ሚስ ኦፓል ይባላሉ። ከቤተ ክርስቲያን መምጣታቸው ነው፤ ቢጫ ባርኔጣ፣ ነጭ ጓንት። አጭር ናቸው፤ ልጃቸው እንዴት ያንን ቁመት እንደወለደች እግዜር ይወቅ። እንጀራውን አንስተው አገላብጠው አዩና፣ “ማንኪያው የሚበላ ነው፤ ብልሆች ናችሁ” አሉ። ከዚያ እኔን አገላብጠው አዩኝ።

“ስልኩን የምትደውልለት አንቺ ነሽ?”

“አዎ፣ ሚስ ኦፓል።”

“እንዲቀጠር ነው ወይስ እንዳይቀጠር ነው የምትደውይው?”

“እንዲቀጠር ነው እንጂ!”

“እህ” አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ይህ “እህ” ማታውን ሁሉ ጆሮዬ ላይ ነው። ሌላ ለምን እደውላለሁ? ጣሊያን ቢሄድ ደስታዬ ነው። እንደ እህት።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 25

ቸኩያለሁ ግን ይህን ሳልጽፍ አልሄድም!!

አብሬው የምኖረው አጎቴ ጋሼ መኩሪያ ሆሊውድ ውስጥ ሆቴል በር ላይ መኪና ያቆማል። ዛሬ ከሥራ ሲመጣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ “ስሚ! አንድ ጣሊያን መኪናውን ፓርክ አደረግሁለት። ጋቢናው ሙሉ የተጫዋቾች ፎቶ ነው። ሶ፣ የየት ክለብ ነህ አልኩት። ነገረኝ። የሬይ ክለብ ነው!” አለኝ።

የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ሲኞር ፋብሪ ነው። በየዓመቱ እዚህ ለሚደረገው የበጋ ሊግ መጥቷል፤ ሥራ የሚፈልጉ ተጫዋቾች ሁሉ እዚያ ይጫወታሉ፣ የውጭ ክለቦች መጥተው ይመርጣሉ። አንደኛውን የውጭ ተጫዋች አግኝቷል። ሁለተኛውን ገና እያየ ነው።

ጋሼ በወጣትነቱ አዲስ አበባ ወወክማ ቅርጫት ኳስ ይጫወት ስለነበር ነገሩ ሁሉ ያገባኛል ይላል። “ሽማግሌ እንልካለን” አለ።

“ሽማግሌ? ለጣሊያን ክለብ?”

“ተጣልተው የለ? የተጣላን ሰው ማን ነው የሚያስታርቀው? ኤጀንት?”

ማክሰኞ፣ ጁላይ 28

እየሳቅኩ ነው የምጽፈው።

የጋሼ መኩሪያ ጓደኛ፣ ባለታክሲው ጋሼ አድማሱ፣ ታክሲያቸውን ሆቴሉ ማዶ አቁመው፣ ከረባት አስረው፣ በላዩ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ጋሼ መኩሪያ የሥራ ቀይ ኮቱን ለብሷል። እኔ በመሃል አስተርጓሚ። ሬይ አልመጣም፤ በዳይ ሽማግሌ ሲላክ አብሮ አይሄድም፣ እቤት ይጠብቃል። እሱ “በዳይ” መባሉን አልነገርኩትም።

ሲኞር ፋብሪ ቁልፉን ለጋሼ መኩሪያ ሰጥቶ መኪናው እንዲመጣለት ጠየቀ። ጋሼ ቁልፉን ኪሱ ከተተና እጅ ነሳ።

“ጌታዬ፣ ለሽምግልና ነው የመጣነው” አሉ ጋሼ አድማሱ።

ተረጎምኩ። ሰውየው ሦስታችንንም አየ። “ኤጀንቶች ናችሁ? ስንት ፐርሰንት ነው የምትወስዱት?”

“ምን ይላል?” አሉ ጋሼ አድማሱ።

“ፐርሰንታችሁ ስንት ነው ይላል።”

“እኛ? እግዜር ያሳይህ፣ መኩሪያ! ሽማግሌ ነን በይው!”

ነገሩ ስለ ሬይመንድ መሆኑን ሲሰማ ሰውየው ቀላ። ፊት ለፊቴ፣ “ያ አህያ! የክለቡን ጃኬት አሰልጣኙ ላይ ወርውሮ ነው የሄደው! ሁለት ጨዋታ ያስከፈለን እሱ ነው!” አለ። እኔ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሬ፣ “ትንሽ ቅር ብሎኛል ይላል” አልኩ። ክፉ ቃል ማመላለስ የኔ ሥራ አይደለም። ጋሼ አድማሱም፣ “ቅር ማለቱ እውነቱን ነው” ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሱም ራስ ሲነቀነቅለት ትንሽ በረደ።

እዚያው ሎቢ ውስጥ ቡና ልጋብዛችሁ አለን። “አንቀመጥም” አሉ ሁለቱም እኩል። ለምን አለ። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት እንደማይቀመጥ፣ እህል ውሃም እንደማይቀምስ አስረዳሁት። እሱም ቆመ። ሽማግሌ ቆሞ እሱ ብቻውን መቀመጥ ከበደው መሰለኝ። የሆቴሉ ሰው ሁሉ ያየናል። “መኪናዬስ?” አለ። “እየመጣ ነው” አለ ጋሼ መኩሪያ፣ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እያለ።

“ለልጁ ምኑ ናችሁ?” አለ በመጨረሻ።

“ምኑም አይደለንም” አሉ ጋሼ አድማሱ። “ለዚህ ነው ለሽምግልና የምንሆነው። ዘመድ ቢሆንማ ያዳላል።”

ሲኞር ፋብሪ ግንባሩን ጠረገ። በዚህ ሁሉ ዓመት ሥራው እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞት እንደማያውቅ ተናገረ። ከዚያ፣ “ኦገስት ስምንት ቅዳሜ የመጨረሻዬ ጨዋታ ነው። ያቺን አይቼ እወስናለሁ። ሌላ ቃል አልገባም። መኪናዬን!”

መረቁት። በአማርኛ፣ ረጅም ምርቃት። ሲጨርሱ ሳይጠየቅ “አሜን” አለ።

መኪናው የመጣው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው።

እሑድ፣ ኦገስት 2

ሬይ በጠዋት በሰፈሩ ትምህርት ቤት ሜዳ ይሮጣል። ጋሼ መኩሪያ ታጣፊ ወንበር ይዞ ሄዶ ያዘዋል፤ የሚያዘው በወወክማ ዘመን በነበረው ሕግ ነው። “ኳሷን ያዝ እንጂ! አቃፊ እጅ የለህም?” ይላል፤ ሬይ አይገባውም፣ ግን ይታዘዛል።

እኔም ሄድኩ። ውሃ ላደርስ ነው። ከቅርጫቱ ሥር ብቻውን ሲዘል አየሁት። ሲዘል ፊቱ ላይ ያለው ደስታ! ጉልበቱን ይዞ ሲወርድ ደግሞ ፊቱን ያዞራል፣ እንዳናየው። እኔ አያለሁ። ጉልበቱ፣ ጉልበቱ፣ ጉልበቱ። አንድ ዓመት ይበቃዋል? ቢወስዱትና ቢሰበርስ? ባይወስዱትስ ምን ይሆናል? የአጎቱ ልጅ ጎማ ቤት ሥራ አለ ብሎታል።

ጎማ ቤቱ ከምግብ ቤታችን በእግር ይደረሳል። ይህን ያነሳሁት እንዲያው ነው።

ዓርብ፣ ኦገስት 7

ፍልሰታ ገባ። እትዬ ዓለምፀሐይ እና ጋሼ ጾም ይዘዋል። “ዘንድሮ የኔን ጸሎት ለኳስ አደረግሽብኝ” አሉኝ እትዬ። ነገ ምግብ ቤቱን ዘግተው ሁላችንም እንሄዳለን። ምግብ ቤቱን! ቅዳሜ ቀን!

ነገ ሲኞር ፋብሪ እሺ ካለ ሬይ በሳምንት ውስጥ ይሄዳል። ደስ ይላል። በጣም ደስ ይላል።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 8፣ ጠዋት

ስልክ። የሚስ ኦፓል ጎረቤት። ሚስ ኦፓል ኩሽና ውስጥ ወደቁ። ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም፣ ንግግራቸው ተሳሰረ። አምቡላንስ ወስዷቸዋል። ሬይ በማለዳ በጋሼ አድማሱ ታክሲ ወደ አዳራሹ ሄዷል፤ የጎረቤቲቱ እጅ ላይ ያለው ቁጥር የኛ ብቻ ነው። “ንገሪው፣ ሃኒ” አለችኝ።

ለጋሼና ለእትዬ ነገርኩ። ሁለቱም በአንድ አፍ፦ አሁን አይነገረውም።

“ይጫወት። ከዚያ ወደዚህ እናመጣዋለን፣ እህል ይቅመስ፣ ቁጭ አድርገን እንነግረዋለን። እንዲህ ያለ ነገር በወግ ነው” አለ ጋሼ።

“ዳሩ ታመሙ እንጂ አልሞቱም፤ ምን አስቸኮለ?” አሉ እትዬ።

እሺ አልኩ።

ሆስፒታል ደወልኩ። ነቅተዋል አሉ። እሺ። መሄድ አለብን።

ቅዳሜ ምሽት

ከየት ልጀምር!

አዳራሹ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ነው፤ ሙቀቱ እንደ ዳቦ ቤት። ሲኞር ፋብሪ ከጎኔ እንድቀመጥ ጠራኝ፣ እንዳስተረጉምለት። ከኋላችን ምግብ ቤታችን ያለበት የፌርፋክስ ሰፈር ሐበሻ በሙሉ። ጋሼ አድማሱ በታክሲ ሬዲዮ ለጓደኞቻቸው ተናግረው ኖሮ ውጭ የቆመው ታክሲ ሰልፍ ሠርቷል።

ሬይ ሲገባ ወደኛ አየና እጁን አነሳ። ሁላችንም አነሳን። ሁላችንም እናውቃለን፣ እሱ አያውቅም፤ ሁላችንም እየሳቅን እጃችንን እናወዛውዛለን። ያን ጊዜ ነው እጄን ቀድሜ ያወረድኩት።

ጨዋታው ግን! ከቅርጫቱ የተመለሰች ኳስ ሁሉ የሱ ነች። በሃያዎቹ መጀመሪያ ያሉ ልጆች ላዩ ላይ ይዘላሉ፣ እሱ ቀድሞ የሚቆምበትን ያውቃል። አንዱን በጀርባው ገፍቶ፣ ዞሮ፣ በግራ እጁ አስገባ። አዳራሹ ጮኸ። ጋሼ መኩሪያ ተነስቶ፣ “የኔ ልጅ! የኔ ልጅ!” ይላል በአማርኛ። ሲኞር ፋብሪ መጻፉን ትቶ ወደፊት ጎንበስ አለ። “ጉልበቱ?” አለኝ። “ደህና ነው” አልኩ። “ጨዋ ሆኗል፤ ለዳኛ አይመልስም” አለ። “ሽማግሌዎች አሉት” አልኩ። ሳቀ። “ይኼንን ሰው እፈልገዋለሁ” አለ። ለራሱ ነው የተናገረው፤ እኔ ግን ሰማሁ።

ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ያ ሹካውን ያስቀመጠበት ቀን ትዝ አለኝ። ሕያው ነበረች’ኮ።

ብነግረው ወጥቶ ይሄዳል። ከሄደ ውሉ የለም። ውሉ ከሌለ እዚሁ ይቀራል። ካልነገርኩት ውሉን ያገኛል፣ ይሄዳል፣ እኔን ግን በሕይወቱ ሙሉ አይምረኝም። በየትኛውም በኩል የምፈልገውን ለማወቅ ስሞክር ራሴን አላመንኩትም። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

እረፍት ሲሆን ተነሳሁ። ጋሼ ክንዴን ያዘኝ። “ሥርጉት! ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቀረውም!”

“ጋሼ፣ እነዚያም ያሉት እንደዚሁ ነው።”

ለቀቀኝ።

ሬይ ኮሪደሩ ውስጥ ውሃ ይጠጣ ነበር። ነገርኩት። በእንግሊዝኛ፣ ዘው ብዬ፣ ያለ ወግ። ውሃውን ዋጠ።

“በሕይወት አለች?”

“አለች። ነቅታለች።”

“መቼ ነው የሰማሽው?”

“ጠዋት።”

“ሌላስ ማን ያውቃል?”

ወደ አዳራሹ ዞርኩ። ጎንበስ ብሎ በበሩ ወደ መቀመጫዎቹ አየ። እትዬ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ፣ ጋሼ አድማሱ ጣሪያውን ያዩ ጀመር፣ ጋሼ መኩሪያ ጫማውን። ይህን ሳያይ ቢቀር ምናለ! “አንቺም” አለኝ። ጥያቄ አልነበረም።

ሳንቲም ጠየቀኝ። ግድግዳው ላይ ካለው ስልክ ሆስፒታሉን ደወለ። ጀርባውን ነበር የማየው። “ግራንማ” ሲል ሰማሁ፣ ከዚያ አዳመጠ፣ ከዚያ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እያለቀሰ ነው ብዬ ጠጋ ስል እየሳቀ ነው። ወይም ሁለቱንም።

ስልኩን ሰቀለና የጫማውን ክር ማጥበቅ ያዘ።

“አትሄድም?” አልኩት።

“ጨዋታ ጥለህ ብትመጣ በሩን አላስከፍትም ብላለች። ጎረቤቷ ናት የተረጎመችልኝ፤ አፏ ተሳስሯል።” ቀና አለ። “ማርች ላይም ቢነግሩኝ ምናልባት እጫወት ነበር። ምናልባት አልጫወትም። የራሴ ነገር ነበር። ገባሽ? የራሴ።”

“ገባኝ።”

ሁለተኛውን አጋማሽ በደንብ አላየሁትም፤ ዓይኔ እርጥብ ነበር። ግን እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ሲኞር ፋብሪ ለሬይ ምን እንደነገርኩት ጠየቀኝ። ይህንንም ደግሞ ሳላለዝብ ነገርኩት፣ ከነማርቹ። መነጽሩን አወለቀ። “ያን ጊዜ ‘ከጨዋታው በኋላ’ ያለው አሰልጣኙ ብቻ አልነበረም” አለ፣ ዓይኑን ከሜዳው ሳያነሳ።

አሸነፉ! ፊሽካው ሲነፋ ሬይ ልብስ ሳይቀይር፣ ለማንም ሳይሰናበት ወጥቶ ታክሲ ውስጥ ገባ። ሲኞር ፋብሪ ብድግ ብሎ፣ “ሄደ!” አለ።

“ሄደ” አልኩ። “ጨርሶ ነው የሄደው።”

እሑድ፣ ኦገስት 9

ሆስፒታል ሄድኩ። ሚስ ኦፓል ግማሽ ፊታቸው ተኝቷል፣ ግማሹ ግን ይስቃል። ሐኪሙ በጊዜ ስለደረሱ እጃቸው ይመለስ ይሆናል አለ። ትናንት ሬይ ሲገባ መጀመሪያ የጠየቁት “ስንት ለስንት?” ነው አሉ። እኔን በደህናው እጃቸው ያዙኝና አልለቀቁኝም። ሬይ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር። አላናገረኝም።

የእጄን ነው ያገኘሁት። የምን ወግ፣ የምን ፍቅር! እሺ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 11

ሽማግሌዎቹ ዛሬ ዌስት አዳምስ ሄዱ፤ አሁን በዳዮቹ እነሱ ራሳቸው ናቸው! እትዬም አብረው። ሬይ ቤት ገብተው መሃል ሳሎን ቆሙ። “ተቀመጡ” አለ። “አንቀመጥም” አሉ። ትርጉሙን ስለሚያውቅ ክፉው ሰው ወንበር ስቦ ተቀመጠና እግሩን አነባብሮ ያያቸው ጀመር። ጋሼ አድማሱ ወገባቸውን ያማቸዋል። እኔ በር ላይ ቆሜ ላልቅስ ወይ ልሳቅ ጠፋኝ።

“ሁለተኛ እንደዚህ ታደርጋላችሁ?” አለ።

“ሁለተኛ አይለምደንም!” አለ ጋሼ መኩሪያ።

“እሷስ?”

“እሷማ ነገረችህ’ኮ!” አሉ እትዬ፣ ተቆጥተው።

ሬይ አየኝ። “እውነት ነው። ነግራኛለች” አለ። ተነሳ፣ ለጋሼ አድማሱ ወንበሩን ሰጣቸው።

ሐሙስ፣ ኦገስት 13

ፈረመ!!! ፈረመ ፈረመ ፈረመ!

ሲኞር ፋብሪ ምግብ ቤታችን መጣ፤ እዚሁ ነው የተጨረሰው፣ ሽሮ እየበሉ። ሁሉም ነገር አልቆ ብዕሩን ሲሰጠው ሬይ “አንድ ነገር ይጨመር” አለ። እኔ ተረጎምኩ፦ ከቤቴ ስልክ ከመጣ፣ ጨዋታ መሃል ብሆንም፣ ወዲያው ይነገረኝ። ሲኞር ፋብሪ አልተከራከረም። በእጁ ጻፈው። ከዚያ ተነስቶ እጁን ዘረጋና፣ በጣሊያንኛ፣ ቀስ ብሎ፣ ስለ እናቱ ይቅርታ ጠየቀው። ይህንን መተርጎም አላስፈለገኝም።

እትዬ እልል አሉ። አንዲት የአክስቱ ልጅ ከኦክላንድ መጥታ ከሚስ ኦፓል ጋር ልትከርም ነው፤ እሑድ እሑድ እኔ እሄዳለሁ አልኩ።

ኩሽና ውስጥ እትዬ ለጋሼ፣ “ይህቺ ልጅ ምስኪን፣ በገዛ እጇ ሸኘችው” ሲሉ ሰማሁ። ምስኪን? እኔ? ዛሬ በመላው ካሊፎርኒያ ከእኔ የተደሰተ ሰው የለም።

እሑድ፣ ኦገስት 16

በጋሼ መኪና ወደ ኤርፖርት እኔ ነኝ ድራይቭ ያደረግሁት። ሬይ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ገፍቶም ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ይነካል። ላ ሲየኔጋ የሚባለውን ጎዳና ይዘን ስንወርድ፣ ኮረብታው ላይ ዘይት የሚስቡት ማሽኖች ራሳቸውን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ ያይ ነበር። እኔ ግን አፌ አላረፈም። ስለ አልጋው፣ ስለ ብርዱ፣ ጉልበቱን በምን እንደሚያሽ፣ የከተማው ሥጋ ሻጭ እንዳያታልለው።

“ሥርጉት” አለኝ። “ሌላ የደበቅሽኝ ነገር አለ?”

“የለም።”

መብራት ያዘን። አረንጓዴ ሆነ። ከኋላዬ ጥሩምባ ነፉ፤ አልነዳሁም። ከዚያ ነዳሁና አንድ ነዳጅ ማደያ ገብቼ መኪናውን አቆምኩ። ሞተሩን አጠፋሁ። እና ነገርኩት። በየትኛው ቋንቋ እንደነበረ እንኳ አላስታውስም፤ ግማሹ አማርኛ ሳይሆን አይቀርም። መሄዱን እንደምፈልግና እንደማልፈልግ፣ ጎማ ቤቱ ለምግብ ቤታችን ቅርብ መሆኑን ሁሉ። እንደወደድኩት። መሪውን ይዤ፣ የነዳጅ ቀጂውን እያየሁ ነገርኩት።

ሬይ አልሳቀም። በአንድ እጁ ሁለቱን እጆቼን አንድ ላይ ያዘ።

“አውቅ ነበር” አለ። “የማላውቀው የምትነግሪኝን ቀን ነው።”

አውሮፕላኑ አመለጠው። ከኤርፖርቱ ስልክ ጣሊያን ለተመለሰው ለሲኞር ፋብሪ ደወልኩ፤ እዚያ ሌሊት ስለሆነ ከእንቅልፉ ነው የቀሰቀስኩት። ምክንያት አልፈጠርኩም። ሬይ በነገው አውሮፕላን እንደሚነሳ፣ ጥፋቱ የኔ እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነም፣ ሁሉንም ወዲያው ነገርኩት።